ሰባት ትርፍ ባቄላ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ከዞን ደብዳቤ መጣ። የወረዳው የጤና ማሻሻያ ዕቅድ እንደ አዲስ ይዘጋጃል። ዘንድሮ «የኅብረተሰቡ ቅድሚያ ፍላጎት ከራሱ ከኅብረተሰቡ ይሰብሰብ፤ ቢሮ ተቀምጦ የተሞላ ቅጽ ተቀባይነት የለውም» የሚል መስመር ገብቶበታል። ይህን መስመር ማን እንዳስገባው ባውቅ ደስ ይለኛል። ዝም ብሎ የገባ አይመስለኝም። ከሥሩ ደግሞ «የዛሬ ሦስት ዓመቱ ዕቅድ ለማነጻጸሪያ ይያያዝ» ይላል።

ኃላፊያችን አቶ በኃይሉ ቀበሌዎቹን ሲያከፋፍሉ ሹም አፋፍን ለእኔ ሰጡኝ። ሌላ ቢሰጡኝ አልኳቸው። «የሚስትህ አገር አይደለም እንዴ? ዘመድ ስላለህ ይቀልሃል» አሉ። የመረጃ ባለሙያው አብነት ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ፈገግ አለ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ከወረዳው የሚያድገው አንድ ጤና ኬላ ብቻ ነው። ላደገለት ቀበሌ አዋላጅ ነርስ ይመደባል፤ ወራቸው የገባ እናቶች ሰንብተው የሚወልዱበት ማቆያ ክፍልም ይሠራለታል። ዕድሉ የሚደርሰው ሕዝቡ «ከሁሉ በፊት እናቶች» ላለበት ቀበሌ ነው። ባለፈው ጊዜ ሹም አፋፍ አልደረሰውም። ቅድሚያው ሌላ ነበር። ማለቴ፣ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነበር።

ቤት ስገባ ሚስቴ ጥሩሸዋ ልብሷን አልጋው ላይ ዘርግታ እያጣጠፈች ነበር። ሰባተኛ ወሯን ጨርሳለች። እናቴ ጋ ሄጄ ነው የምወልደው አለች፣ ሹም አፋፍ። «የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው።» ይኼ እኮ የመጀመሪያ አይደለም ልላት አልኩና አፌ ላይ ቀረ። ገባት። «እማዬ አቅፈን ስናሳድገው ነው የመጀመሪያ የሚባለው ትላለች» አለችኝ።

መንገዱ አይታመንም አልኳት። «እኔም እሱን አውቃለሁ» አለች። 

የካቲት 6

አብነትን የፋይል መደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት።

«ምን ጠፋህ?»

«የሹም አፋፍ የድሮው ዕቅድ።»

ፋይሉ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለጥንቃቄ ያነሣሁት ነው። አልነገርኩትም። ሰው የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይሰጠውም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ።

የካቲት 7

ፋይሉን አየሁት። ጽሑፉ የእኔ፣ ፊርማው የእኔ። ያኔ የበልጉ ጉም ወርዶ መንገዱ አልታይ ብሎ ነበር፤ መኪናውም ጎማ አጥቶ ቆሟል፤ ዕቅዱ በሁለት ቀን ይግባ ተብሏል። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚሠራው። ሁሉም!

አምስተኛው መስመር ባይኖር ኖሮ ምንም የማይወጣለት ፋይል ነበር።

የካቲት 12

ስገባ ጥሩሸዋ ስልክ ታወራ ነበር። ድምፅዋን ቀነሰች፤ ከዚያ ዘጋችው። ማን ነው ስላት «እስከዳር» አለች። እስከዳር የሹም አፋፍ ጤና ኬላ ሠራተኛ ናት፤ ከሚስቴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ልሄድ አራት ቀን ሲቀረኝ ሚስቴና የማጣራባት ሠራተኛ ስልክ ላይ። ስለ እርግዝና ነው ትላለች። ይሆናል።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

በሞተር እስከ ዝግባ በር፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። የደረስኩት ቅዳሴ ሲወጣ ነው። ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ ጥዱ ሥር ተቀምጧል።

በመመሪያው መሠረት አራት ጣሳ ይዤ ሄጃለሁ፤ በየጣሳው ላይ ሥዕል ተለጥፏል። ውኃ፣ መድኃኒት፣ መጸዳጃ ቤት፣ አልጋ ላይ የተኛች እናት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላ ይሰጠዋል፤ ቅድሚያ ይገባዋል ባለው ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ማን የት እንደጣለ አይታይም። ባቄላውን ከሞላሌ ገበያ ነው የገዛሁት፣ ፍሬው ትልልቅ ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሩ አላማረኝም። አስተያየት ስጠይቅ አንዱ ተነሥቶ «ለወላድ መንገድ አይታመንም» አለ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት «ለወላድ መንገድ አይታመንም» አለች። ቆየት ብሎ ሦስተኛው። ቃል በቃል! ስልሳ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ከየት አመጣ? ያስጠና ሰው አለ። እስከዳር ዳር ቆማ ጫማዋን ታያለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ አንድ የጭድ ክምር አየሁ። አጎበር ለብሷል። አዲስ የወባ አጎበር፣ ጭድ ላይ! የመንግሥት ንብረት ነው፣ ማን ሰጣችሁ ብዬ ጠየቅሁ። ምንይሉ የሚባል ሰውዬ፣ ቀልደኛ ነገር ነው፣ ቆሞ መለሰልኝ።

«እናንተው ናችሁ እንጂ። ወባ በዝቶባችኋል ተብሎ መጣልን። እዚህ አገር እንኳን ትንኝ ገብሱም ከውርጭ ከተረፈ ተመስገን ነው። ለጭዱ ሆኖናል፣ እግዜር ይስጥልን።»

ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም ትንሽ ሣቅሁ።

የደብሩ አስተዳዳሪና የሰንበቴ ማኅበሩ መሪ (ሙሴው) ቄስ አትናቴዎስ ናቸው። ሊባርኩ ተነሡና «እንግዲህ እንደ ሰንበቴያችን ይሁን። የመጣነውም ያልመጡትም ድርሻችን ይታሰብ» አሉ። በልግ ሊዘራ የሄደ ሰው ይኖራል ብዬ፣ «አባ፣ ያልመጣ ሰው ድምፅ የለውም፤ መመሪያው አይፈቅድም» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። «መመሪያው ከሆነ እንግዲህ» ብለው ተቀመጡ።

ሴቶቹ ሲሰለፉ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«አንቺ የማንን ያዝሽ?»

«የእህቴን።»

የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረዋል። ጻፍ ማዕረግ፣ ጻፍ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አማቴ እማማ ወለተጊዮርጊስ ከሴቶቹ መጨረሻ ነበሩ። ጣሳዎቹ ጋ ቆዩ። ወደ እኔ ቀና ሲሉ የስም ዝርዝሩን አገላበጥኩ፤ ማጣራት ነበረብኝ።

የፈረመና አውራ ጣቱን ያሳረፈ ስልሳ አራት ሰው። ባቄላው ሲቆጠር፦ እናቶች ሃያ ዘጠኝ፣ ውኃ ሃያ አምስት፣ መድኃኒት አሥራ ሁለት፣ መጸዳጃ ቤት አምስት። ሰባ አንድ።

እንደገና ቆጠርኩ። ሰባ አንድ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ ባቄላ ስለቅም አቶ በኃይሉ ገብተው «ገና በመጀመሪያው ቀን ራበህ እንዴ?» አሉኝ።

ሰባቱን አገኘኋቸው። ያነሱ ናቸው፣ ጠቆር ያሉ፣ የደጋ ባቄላ። የእኔ አይደሉም። ሰባቱም የተገኙት ከእናቶች ጣሳ ነው። እነሱ ቢወጡ እናቶች ሃያ ሁለት ይሆናል፣ ውኃ ሃያ አምስት። አንደኛ ውኃ ነው ማለት ነው። በሰባት ባቄላ የወረዳ ዕቅድ ሊገለብጡ!

በክብሪት ቀፎ ከትቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ አደረግኋቸው።

የካቲት 18

ጽፌ አስገባሁ። አቶ በኃይሉ «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ፤ ነኝ አልኩ። ሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ፣ የሹም አፋፍ ውጤት ይሰረዝ። ሁለተኛ፣ ጊዜ ስለሌለ የዛሬ ሦስት ዓመቱ ቅድሚያ እንዳለ ይወሰድ። ሦስተኛ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እስከዳር ከሥራ ትታገድ፣ የኬላውን ቁልፍም ታስረክብ። በቀበሌው ሰው ማስተባበር የምትችል እሷ ብቻ ናት።

ሁለተኛውን ነጥብ ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው እንጂ።

የካቲት 21

አብነት ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ሹም አፋፍ ላይ በሦስት ዓመት የተመዘገበ የወባ ታማሚ ስንት ይመስልሃል?»

«አላውቅም።»

«ዜሮ። የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞትስ?»

ወረቀት ማገላበጥ ጀመርኩ።

«እሱም ዜሮ። ሁለቱም ዜሮ ናቸው፤ አንዱ ዜሮ እውነት ነው።» ወንበሩን መለሰና ሥራውን ቀጠለ።

አግኝቶታል። ወይም ሊያገኝ ትንሽ ቀርቶታል። መሳቢያውን ቆልፌ ነው የወጣሁት። በሩ ጋ ደርሼ እንደገና ተመልሼ መቆለፉን አየሁ።

ሪፖርቱን የምሞላው እኔ ነኝ፣ እውነት ነው። ግን እኮ ሰው ቤቱ ከሞተ ጤና ኬላ አልሞተም። መንገድ ላይ የሞተም የየትኛው ቀበሌ ነው ተብሎ ይመዘገባል? ቅጹ ላይ «መንገድ» የሚል ቦታ የለም።

የካቲት 25

ጥሩሸዋ ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ቀፎውን አገኘችው። መዳፏ ላይ ዘረገፈችው። ከሥራ ነው አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «ሰባት» አለች። ከዚያ፣ «እስከዳርን ያሳገድካት በእነዚህ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«አገር ያወራል፣ ማን ይነግረኛል።»

አንዱን ፍሬ አነሣች፣ መለሰችው፣ ሌላ አነሣች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የትኛው ምኑ?»

መልሳ ከተተችና ቀፎውን ዘጋችው። ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ይሁን ሽንኩርት ስትከትፍ አልለየሁም፤ ገብቼም አላየሁም።

እሷም ነገሩ ውስጥ አለችበት ማለት ነው። በገዛ ቤቴ።

የካቲት 29

ክስ የመሠረትኩባት ሴት፣ የምፈራው ፋይል፣ የማታናግረኝ ሚስት። ሦስቱ አንድ ላይ የመጡት በአጋጣሚ ነው? ሰውን ሁሉ እየጠረጠርኩ ነው። ከሁሉ የባሰው፣ ስጠረጥር ቀለል ይለኛል።

መጋቢት 3

እስከዳር ቢሮ መጣች። ቆማ ነው ያናገረችኝ፤ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«አቶ ማዕረግ፣ እኔ ጣሳው አጠገብ አልደረስኩም። ቀለም ረስቻለሁ፣ ከኬላው አምጪ ብለው የላኩኝ እርስዎ ነዎት። ስመለስ ጣሳው ተገልብጦ እየተቆጠረ ነበር።»

እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ የአውራ ጣት ቀለሙን እኔ ነኝ የረሳሁት። ሰልፉ ሲጀመር ወደ ኬላው ስትሄድ አይቻታለሁ። ታዲያ ስጽፍ ለምን አልታወሰኝም?

«ማን ነው ታዲያ የጨመረው?»

«ይሄን ከእኔ አይስሙ። በሰንበቴ ቀን ይምጡ፣ ከባለቤቶቹ ይስሙ።» ወደ በሩ ሄደችና ዞረች። «አሥራ አንድ ነፍሰ ጡር አለኝ። ሁለቱ በዚህ ወር ይወልዳሉ። ቁልፉ እናንተ ጋ ነው። ምጥ ቁልፍ አይጠብቅም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይህንን ነው። ዳዋዋን የመታሁት ግን እኔ ነኝ።

መጋቢት 7፣ እሑድ፣ ሹም አፋፍ

የምጽፈው አማቴ ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ ነው። ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

የሰንበቴ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ጀርባ ያለው ክብ ጎጆ ነው። ተረኛዋ ድፎ ዳቦና ጠላ አምጥታለች። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም ለምን መጣህ አላለኝም፤ የከፋኝ እሱ ነው።

ቄስ አትናቴዎስ ጸለዩ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ መቁረስ ጀመሩ። ለእኛ ከመታደሉ በፊት ግን ሰፌድ ቀረበ። «አስካለ ማርያም» አሉ፤ አንዲት ሴት ተነሥታ አንድ ቁራሽ ሰፌዱ ላይ አኖረች። ያቺ «የእህቴን» ያለችው ሴት ናት። «አርሴማ» አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ አኖረ። ሰፌዱ ኋላ ደጅ ላሉት ነዳያን ይወጣል።

አጠገቤ የተቀመጠው ምንይሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ነገረኝ። እዚህ ሰንበቴ ሰው ቢሞት ከመዝገብ አይሰረዝም። ቤተሰቡ ድርሻውን ይቆርስለታል፣ ተራው ሲደርስ ይደግስለታል፣ ነገር ሲመከርም ድርሻው ይታሰባል። አስካለ ማርያምና አርሴማ በምጥ የሞቱ ናቸው፤ አንዷ እቤቷ፣ አንዷ ቃሬዛ ላይ፣ ዝግባ በር ሳይደርሱ።

«በባቄላ ትመርጣላችሁ ብላችሁ ስታስነግሩ፣ ስለ ወላድ ከሆነ እነሱ ሳይጠየቁ እንዴት ይሆናል ተባባልን» አለኝ። «ከየቤታችን አመጣን። አባ አስቀድመው ነግረውህ የለም እንዴ? ያልመጡትም ይታሰቡ ብለው?»

ነግረውኛል። ይህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ቄሱ ቀጠሉ። «የምንይሉ ልጅ።» ምንይሉ ተነሣ። ያ ቀልደኛ ሰውዬ ቁራሹን በሁለት እጁ ነው የያዘው። «የታዲዮስ ልጅ። የይሥሐቅ ልጅ። የአባይነህ ልጅ።» እየተነሡ አኖሩ። ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ናቸው፤ ስም የላቸውም። ቄስ አትናቴዎስ ወደ እኔ ሳያዩ፣ እንደ ማስረዳት ብለው፣ «ያልተጠመቀ በፍትሐት አይጠራም። ቁራሽ ዳቦ ግን ማን ይከለክለዋል? በአባቱ ስም እንቆርስለታለን» አሉ።

ስድስት። በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። ስድስት ሲሞላ ሰባተኛው ማን እንደሆነ አወቅሁ። ያወቅሁት ዛሬ አይደለም መሰለኝ።

ቄሱ ቢላዋውን አስቀመጡ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው፣ ስም ሳይጠራ፣ ቁራሹን አኖሩ።

መጋቢት 8፣ ጠዋት

እንግዲህ ልጻፈው።

ካቻምና ነሐሴ ጥሩሸዋ እዚህ ቤት ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች። አዋላጅ የለም። በቃሬዛ ተሸክመው በጉም ውስጥ ወረዱ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ወለደች። ወንድ ነበር። እስኪነጋ ኖሯል። እኔ በማግስቱ ደረስኩ። ወር ሲሞላ ሪፖርት ሠራሁ፤ «የጨቅላ ሕፃናት ሞት» በሚለው ሥር ዜሮ ጻፍኩ። የራሴን ልጅ!

አዋላጅ ያልነበረው ቅድሚያው ሌላ ስለነበረ ነው። ቅድሚያው ሌላ የነበረው እኔ ጉሙን ፈርቼ ቢሮ ተቀምጬ የአንድ ቆላ ቀበሌ ቅጽ ስለገለበጥኩ ነው። ስገለብጥ አንደኛውን «መጸዳጃ ቤት» ብዬ፣ አምስተኛውን «ወባ» ብዬ አሳለፍኩት። ሹም አፋፍ ላይ ወባ።

ይህን ጥሩሸዋ አታውቅም። ወይም ያወቀች አይመስለኝም ነበር።

ዛሬ ለእማማ ነገርኳቸው። ጥሬ እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ሳትመጣ ነው የሞላኸው?»

«ሳልመጣ ነው።»

«ወባውም ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

ሣቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሣቁ፤ ከዚያ ሣቁ ዞረና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። መሬት ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ።  የተናገሩት ሲረጋጉ ነው።

«እኔ እኮ ባቄላውን የጣልኩት አንተን ላሳጣ አልነበረም፣ ልጄ። እንዲህ ያለውንም መች አውቄ። ልጁ ሰው ነበር፣ ቢኖር ለእናቱ ይጥል ነበር ብዬ ነው።» እንደገና መልቀም ጀመሩ። «አሁን ተነሥ፣ ሂድ። ይቅርታውን እንዳቅሜ እሞክራለሁ፣ ለዛሬ ግን አትጠይቀኝ። የእስከዳርን ቁልፍ መልስ።»

መጋቢት 9

ፋይሉን ከመሳቢያ አውጥቼ አቶ በኃይሉ ፊት አኖርኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ።

«ያለፈውን ለምን ትነካካዋለህ? ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፣ ማኅተሙ የጽሕፈት ቤቱ ነው። አሁን ውጤቱን ብቻ አስተካክል፣ ሰባቱን ሰርዝ፣ ውኃም ጥሩ ቅድሚያ ነው።»

«ውኃ ጥሩ ነው። እነሱ ግን ያሉት እሱን አይደለም።»

«ስልሳ አራት ሰው ሰባ አንድ ድምፅ እንዴት ሰጠ ሲባል ምን ልትል ነው?»

«ማን ማን እንደሆኑ አያይዛለሁ።»

ፋይሉን ወደ እኔ ገፉት። «ከሥራ ያስወጣሃል» አሉ። «ያስወጣኝ ይሆናል» አልኩ። በመጨረሻ የእስከዳርን እግድ አነሡ፤ ሌላውን በራስህ ፊርማ ላከው፣ እኔን አትጨምር አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሦስት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው።

አብነት የሞት መመዝገቢያ ቅጽ ሰባት ረድፍ አሰምሮ አትሞ ጠበቀኝ። ቁጥሩን ከየት አመጣው? «ፋይሉን ስፈልግ የነበረው ሳትጠየቅ ራስህ እንድታርመው ብዬ ነው» አለኝ። ግማሹን አመንኩት። ግማሹ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ጠባይ በአንድ ቀን አይለቅም።

ቁልፉን ዛሬውኑ በዝግባ በር ሰው ልኬያለሁ። ከሁለቱ አንዷ ትናንት ወልዳለች፤ እስከዳር ያለ ቁልፍም ቢሆን ሄዳ አዋልዳታለች። በሰላም ነው። ሴት ናት።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዕቅዱ ከሰዓት በኋላ መሄድ አለበት። ለምሳ ቤት ገባሁ፤ ቅጾቹን ይዤ ነው የገባሁት። የድሮውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ለጥሩሸዋ አምስተኛውን መስመር በጣቴ አሳየኋት። እየጠበቅሁ ቆምኩ። ጣሪያው ይወርድብኛል ብዬ ነበር።

«አጎበሩ የመጣ ዕለት ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ወባ ብሎ ሊጽፍ የሚችለው ያልመጣ ሰው ብቻ ነው። ያልመጣኸው ደግሞ አንተ ነህ። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።» ድምፅዋ አልጨመረም። «ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ገና ነው። ተቀመጥና ጻፍ።»

የሹም አፋፍ ውጤት፦ ተሳታፊ ስልሳ አራት፣ ድምፅ ሰባ አንድ፣ አንደኛ ቅድሚያ እናቶች። የትርፉ ሰባት ድምፅ ማብራሪያ በአባሪ። ዞን ይቀበለው ይሆን? አላውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መመሪያውን መዘው «ሰባቱ አይቆጠሩም» ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያው ስማቸውን አንብበው ይበሉት።

ጥሩሸዋ ሆዷን ደግፋ ከአጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ የአገሯ ልጆች ናቸው። አስካለ ማርያም። አርሴማ። ከዚያ አራቱ ሕፃናት፤ የራስ ስም የሚለውን ቦታ እየዘለልኩ፣ የአባት ስም በሚለው ሥር ምንይሉ፣ ታዲዮስ፣ ይሥሐቅ፣ አባይነህ።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። ለልጁ የያዘችለት ስም እንደነበራት አውቃለሁ። ነግራኝ አታውቅም። «ስሙን ልጻፈው?» አልኳት።

«እሱን ተወው፣ የእኔ ነው» አለች። «የአባቱን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከዚያ ከታች «ቅጹን የሞላው» በሚለው ላይ ፈረምኩ። አሁን በዚህ ወረቀት ላይ ስሜ ሁለት ቦታ አለ።